በእጅጌዬ የሸፈንኩት ክትባት

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነስቻለሁ። ግን እስካሁን ያልመለስኩት ጥያቄ አለኝ፤ ከደም ካንሰር ያዳነኝ በደም ሥሬ የገባው መድኃኒት ነው፣ ክንዴ ላይ የተጫረው ክትባት ነው ወይስ ጸሎታችሁ? ለይቼ አላውቅም። የሁሉም ባለቤት ግን እሱ ነው፤ ስሙ ይባረክ!

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ማስረጃ የሌለው ነገር አልቀበልም ነበር። ጎረቤቴ እትዬ አስቴር ስለ ጌታ ስትነግረኝ «ማስረጃሽ የታለ?» እላታለሁ። «አቦ አንቺ፣ ፊደል አግብተሻል እንዴ!» ብላ ትስቅብኛለች።

አንድ ሰሞን ድዴ ይደማ፣ ሰውነቴ ሳይመታ ይበልዝ ጀመር። በባቡር አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ አልሸሸገኝም።

«አጣዳፊ የደም ካንሰር ነው። በመድኃኒት እንመታዋለን። በዚያ ላይ ለሕፃናት የሚሰጠውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ክንድሽ ላይ እየጫርን የሰውነትሽን መከላከያ እንቀሰቅሳለን። ገና እየተሞከረ ነው፤ ትድኛለሽ ብዬ ቃል አልገባም።»

«የሕፃናት ክትባት ለእኔ?»

«ትምህርቱንስ ዘግይተሽ አይደል የጀመርሽው?»

እዚያ አልጋ ላይ «ጌታ ሆይ፣ ማስረጃ አልጠይቅህም፤ ብቻ አትተወኝ» አልኩ። ሰላሙ የመጣው ደሜ ከመስተካከሉ በፊት ነው። ይህን ቀኑን ቆጥሬ አውቃለሁ። ሃሌ ሉያ!

ድሬ ስመለስ፣ ካድሬ እንዳይሰማን መስኮቷ በተዘጋችው በዚህችው ቤት፣ ሕክምናዬን ያልነገርኳት እትዬ አስቴር «ያለ መድኃኒት ፈወሳት!» አለች። እናንተም ድምፃችሁን አፍናችሁ እልል አላችሁ። ደስታችሁን ላለማደፍረስ ዝም አልኩ። በየወሩ ለሕክምና ስሄድ «ዘመድ ጥየቃ ነው» አልኳችሁ፤ ጭረቱን በዚህ ሙቀት በረጅም እጅጌ ሸፈንኩ።

ዛሬ ክንዴን ገልጬ ቆሜያለሁ፤ ተመስገን! ወገኖቼ፣ ጌታን ታመኑት። እውነቱ ሲነገር የሚያንስ ጌታ አይደለም። ይህን የተማርኩት ባለፈው ማክሰኞ ነው።

እትዬ አስቴር ቤቴ ገባች። «የስኳር ኪኒኔን ከተውኩ አራት ቀኔ» አለችኝ። «አንቺን ያለ መድኃኒት የፈወሰ እኔን ያቅተዋል?»

እጅጌዬን ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳት። ጭረቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች።

«ታዲያ በዚህ ሁሉ ሙቀት በዚህ እጅጌ ተቀቅለሻላ!»

ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ኪኒኑን ለካ አልጣለችውም፤ ቋጥራው ነበር።

«በይ ውሃ ስጪኝ።»

ኪኒኑን መዳፏ ላይ ይዛ አብረን ጸለይን፤ ዋጠችው።