የማያበራው ቀለም

ዕድሜዬን የፈጀሁት በር ላይ ነው። የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። የሚገባውንም የሚወጣውንም ቦርሳ ሳስከፍት ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሰው ሥራውን ሲተው፣ ሥራው ግን ሰውየውን ቶሎ አይለቀውም። ዛሬም ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ቦርሳ የያዘ ይመስለኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የቀለሙን ነገር ሳወራችሁ «እኚህ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካቸው» እንዳትሉ ብዬ ነው።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ታክሲ ከሚያወርድበት ትንሽ ዳገት ተወጥቶ። የጭቃ ቤት ነው፤ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ከኋላ ማድቤት። ሳሎናችንን ከጎረቤቴ መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። በዚህ በኩል የተለሰነው የኛ ነው፣ በዚያ በኩል የተለሰነው የሳቸው። መሃል ያለው እንጨትና ጭድ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የወሰነ የለም።

ጎረቤቴ ባላቸው ያረፉባቸው ሴት ናቸው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንሱም። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ጋሼ» ይሉኛል። እንከባበራለን። መከባበር ማለት እንግዲህ እሳቸው የኔን ጓዳ አያዩም፣ እኔም የሳቸውን አላይም ማለት ነው። ለዕድር አብረን እንወጣለን፣ በበዓል ቀን ሰሃን ይሄዳል፣ ሰሃን ይመለሳል። ከዚያ በላይ ግን አልተቀራረብንም።

አምና ጥቅምት ላይ፣ ሲግናል አካባቢ ቢሮ የምትሠራው የመጨረሻ ልጄ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሽማግሌ ሊልክ ነው።»

«ማን?»

«ማን እንደሆነማ ታውቃለህ። አትፈትሸኝ።»

አውቅ ነበር። ልጁ ደህና ልጅ ነው፤ ያው ገና እያየሁት ነበር።

«የገና ጾም ሳይገባ ይመጣሉ። እስከዚያ ሳሎኑ መቀባት አለበት» አለችና ዓይኗን ወደዚያ ግድግዳ ወረወረች።

የጋራው ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ወንበር መደገፊያ ድረስ ወይቧል። ክረምት በመጣ ቁጥር አሮጌው ቀለም እንደ ዓሣ ቅርፊት ይነሳል። ሶፋ አስጠግተን፣ ሶፋውን በጨርቅ አልብሰን ስንሸፋፍነው ኖረናል። ሽማግሌዎች የሚቀመጡት ግን እዚያው ሶፋ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለንም። ጋቢያቸው ላይ ቅርፊቱን ይዘው ቢሄዱስ? «የልጅቷ ቤት ሊወድቅ ነው» ብለው ቢያወሩስ? እናቷ የለችም። የዚያን ቀን ቤቱን ቤት የሚያሰኝ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር።

ቀለም ቀቢውን ያመጣችው እሷ ነች። ወጣት ነው፣ ሱሪው ላይ የሰው ሁሉ ቤት ቀለም አለ። ግድግዳውን በቁሙ አየት አደረገና ጨረሰ።

«ፋዘር፣ ይሄ የሚፈልገው የሚያበራውን ነው፤ የዘይት ቀለሙን። አንዴ ከለበሰ እድፍ አያወጣም፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልወል ነው።»

«ሌላ ዓይነትስ የለም?»

«ማት የሚሉት አለ፣ የማያበራው። እሱ ግን የእጅ እድፍ ይይዛል፣ አይታጠብም። ለሽማግሌ አይሆንም።»

ሽማግሌ እንደሚመጣ በምን አወቀ? ልጄን አየኋት፤ ወደ ጣሪያው አየች። ለካ ሁለቱ መንገድ ላይ ጨርሰው ነው የመጡት። ደግሞም ግድግዳውን አላንኳኳውም፣ በመዳፉ አልዳሰሰውም፣ ከጀርባው ምን እንዳለ አልጠየቀም። በር ላይ ስኖር ያወቅሁት ነገር ቢኖር፣ የሚቸኩል ሰው ቦርሳ ውስጥ አንድ ነገር አይጠፋም።

«አንቺስ የሚያበራውን ለምን ወደድሽው?» አልኳት።

«ሳሎኑ ጨለማ ነው አባዬ። የሚያበራው ብርሃን ይመልሳል።»

«የጠላሽው ጨለማውን ነው ወይስ እድፉን?»

«ሁለቱንም።»

ቀቢውን «እንግዲያው ሁለቱንም ቀባልኝ» አልኩት። «እዚህ ከሶፋው ኋላ፣ እያንዳንዳቸውን ትሪ የሚያህል።»

«ለምን ፋዘር?»

«ላየው።»

«ቀለም እኮ አይሰርቅም።»

«አይሰርቅም፤ ይደብቃል።»

እየሳቀ ቀባልኝ። እኔም ጠዋት ጠዋት ሶፋውን እየሳብኩ ማየት ጀመርኩ። ልጄ ሻይዋን ይዛ በሩ ላይ ትቆምና «ዛሬስ መታወቂያ አሳዩህ?» ትለኛለች። ሶፋውን መልሼ እገፋለሁ።

እውነት ለመናገር በመጀመሪያ የሚያበራው አማረብኝ። አምፖሉ ውስጡ ይታያል። ግን ከጎን ሲያዩት የግድግዳውን ጉድጓድና እብጠት አንድ ሳያስቀር ያወጣዋል። ያን ግድግዳ የለሰነችው ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ነች፣ በመዳፏ። መዳፏ ያለፈበት ሁሉ እንደ እርሻ ትልም ቁልጭ ብሎ ታየ። የማያበራው ደግሞ ያንን ሁሉ ዋጥ አድርጎ ዝም ብሏል። የቱ ነው የሚታመነው? ሁሉን የሚያሳየው ወይስ ሁሉን የሚውጠው? አሰብኩበት፣ አልቆረጥኩም።

ሳምንት ሳይሞላ የሚያበራው ተነፋ። እሳት የነካው ቆዳ ውሃ እንደሚቋጥር አድርጎ ቋጠረ። በመርፌ ብወጋው ቀጭን ውሃ ግድግዳውን ይዞ ወረደ። የማያበራው ጠዋት ጠቆር ይላል፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታ ይነጣል፣ ማግስቱን እንደገና ጠቆር ይላል። አልተነፋም፣ አልተላጠም። ልክ እንደ ሰው ይተነፍስ ነበር።

ቀቢውን አስጠርቼ አሳየሁት። ራሱን አከከ።

«ፋዘር፣ ይሄ የኔ ቀለም ጥፋት አይደለም። ውሃው ከዚያ በኩል ነው የሚመጣው። እዚያ ቤት ምን አለ?»

ይቺ ቃል ልቤ ውስጥ ገባች። እዚያ ቤት ምን አለ? እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ያጥባሉ። ውሃውን የት ይደፉታል? ሳፋውን ግድግዳው ሥር አስቀምጠው ቢሆንስ? እንደዚያ እያልኩ ሁለት ቀን ከቤታቸው የሚወጣውን ውሃ ስከታተል ሰነበትኩ። ወደ ቦዩ ሲደፉ አየሁ። እያየኋቸው ስለሆነ ነው አልኩ።

በመጨረሻ ሄጄ አንኳኳሁ። በሩን ከፍተው መሃሉ ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ቀለም ልናስቀባ ነው። ሽታው እንዳያስቸግርዎት ብዬ ነው።»

«አያስቸግረኝም፣ ጋሼ።»

«ግድግዳውንም በእርስዎ በኩል አንዴ ባየው።»

«ምኑን?»

«እርጥብ እንዳይሆን።»

«እርጥብማ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ከእናንተ እየመጣ ለምን አይረጥብ? ክረምት አልፎ ክረምት ሲተካ ዝም አልኩ። ጎረቤት ነው፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ውሃ ቢደፋ ምን ይደረግ ብዬ።»

«እኛ? ውሃ?»

«ታዲያ ከሰማይ ነው?»

አሳልፈው አስገቡኝ። መኝታ ቤታቸው በጋራው ግድግዳ በኩል ከላይ እስከ ታች አበባ ያለበት የወለል ላስቲክ ለብሷል፤ ዳር ዳሩ በምስማር ተመትቷል። ከእኛ የሚመጣው ውሃ አልጋቸውን እንዳይነካ ያደረጉት ነው። ጫፉን ልገልጠው እጄን ስዘረጋ እጄን በዓይናቸው አቆሙት።

«መጀመሪያ የእናንተን ልየው።»

መጡ። ሶፋውን ሳብኩላቸው። ከቀለሙ በፊት ያዩት ጥጉን ነው፤ ሳፋ ፈለጉ። የማድቤቱን በር ከፍተው ወለሉን አዩ። የባሊውን ቂጥ አነሱ። እኔ ስንት ዘመን ስፈትሽ የባሊ ቂጥ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጎንበስ ብለው የተነፋውን በጣታቸው ጫን አሉት፣ የማያበራውን ደግሞ ዳበሱት።

«ይሄኛው ደረቅ ነው።»

«እሱ ስለማያበራ ነው። ውሃው ይወጣለታል።»

ወደ ማዶ በአገጫቸው ጠቆም አደረጉ።

«የኔ ላስቲክስ?»

«የእርስዎ ላስቲክ ያበራል፣ እትዬ።»

አብረን ሄደን ጫፉን ገለጥነው። የወጣው ሽታ ወደ ኋላ አስባለን። ልስኑ ወርዶ ጭዱ ጠቁሮ ይታያል። ከላይ ያለው ደረቅ ነው፣ እርጥቡ ከመሬት ነው የተነሳው። ክረምቱን ሙሉ ከበላያችን ካለው ተራራ የሚወርደው ውሃ መሬቱን አርሶ፣ ግድግዳው ከሥሩ እየጠጣ ነበር። በሳቸው በኩል መውጫ ሲያጣ ወደ እኛ፣ በእኛ ሲዘጋ ወደ ሳቸው።

«እና ማንም አልደፋውም?» አሉ።

«እንጦጦ ነው የደፋው።»

«እሱን እንግዲህ ተራራው ላይ ላለው ለራጉኤል ይንገሩት» አሉና ላስቲኩን ከምስማሩ ማላቀቅ ጀመሩ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እኔ ይሄን አንስቼ እርስዎ የሚያበራውን ቢቀቡ፣ ውሃው በሙሉ ወደኔ ነው የሚመጣው።»

«አልቀባም።»

«በምን አውቃለሁ?»

«እኔስ ላስቲኩን መልሰው እንዳይመቱት በምን አውቃለሁ?»

ተያየን። አንዳችን የሌላውን ቤት ቁልፍ እንደያዝን ያህል ነበር። በሰው ቤት ውስጥ ዘብ አይቆምም። እሺ ተባብለን ተለያየን፤ እኔ ግን ልቤ አላረፈም፤ የሳቸውም ያረፈ አይመስለኝም።

ልጄ የማያበራውን መምረጤን ስትሰማ ከፋት። «እንግዳ የሚመጣው አንድ ቀን ነው፣ አንድ ቀን እንዲያበራ ብትፈቅድለት ምን ነበር?» አለችኝ። «የዚያን ቀን ቢነፋብሽስ?» አልኳት። የወተት መልክ ያለውን መረጠች። ቀቢው «ስትቆጩ ጥሩኝ፣ ፋዘር» ብሎ ቀባልን።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ፤ ሦስት ናቸው። ነጫጭ ለብሰው ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እኔ ፊታቸውን ሳይሆን ከትከሻቸው በላይ ያለውን ነው የማየው። ግድግዳው ጨዋ ሆኖ ቆሟል። እትዬን አልጠራኋቸውም። ለምን ብትሉኝ፣ የውሃውን ነገር በእንግዳ ፊት ያነሱታል ብዬ ነው። አፋቸውን አላመንኩትም።

ትልቁ ሽማግሌ ተነስተው የመጡበትን ነገር በወጉ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ላስቲኩ ከወረደ ወዲህ ቤታቸው ያለው ሁሉ ይሰማል፤ የኛም እንደዚያው።

ሽማግሌው ቆም አሉ። «ማን አሉ እዚያ?»

«ጎረቤት ናቸው።»

«ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ታዲያ ምን አጥፍተው ነው ያልተጠሩት? ጎረቤት ሳይሰማ ልጅ ትጠየቃለች እንዴ?»

ማድቤት ያለችው ልጄ የያዘችውን ብርጭቆ ድምፅ ሳታሰማ ስታስቀምጥ ይታወቀኛል። ተነሳሁና ወጣሁ።

ገና ሳንኳኳ ተከፈተ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን አድርገው ቆመዋል። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያው ለብሰው ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። እኔ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሰላም ከማለቴ በፊት በትከሻቸው ላይ አሻግሬ መኝታ ቤቱን አየሁ። ግድግዳው ራቁቱን ነው። ላስቲኩ ተጠቅሎ ጥግ ቆሟል፤ አልተጣለም፣ አልተመለሰም።

«አዩት?» አሉኝ።

«አየሁት።»

«እንግዲያው እንሂድ፤ ሰው አናስጠብቅ።»

ገብተው ሽማግሌዎቹን እየዞሩ ሳሙ። የመጨረሻውን ሲስሙ ሚዛናቸውን እንደሚጠብቁ ሆነው መዳፋቸውን ግድግዳችን ላይ አሳረፉ፣ ትንሽም አቆዩት። እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ። መዳፋቸውን አይተው በቀኜ ተቀመጡ፤ እናቷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ።

ሽማግሌው እንደገና ተነስተው ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ወጉ ከእኛ በኩል የሚጠይቀው እንምከርበት ብሎ መመለስ ነው። አፌን ሳልከፍት እትዬ ቀደሙኝ።

«ልጅቷ የኔም ልጅ ነች፤ በዚህ ግድግዳ እዚያና እዚህ ነው ያደገችው። ልጃችሁም ክፉ አልሰማንበትም። አባቷ ግን ሰው ቶሎ አያምኑም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። አንዴ መጥታችሁ አይሆንም፤ ተመላልሳችሁ ትመጣላችሁ።»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ምን እላለሁ፣ አንገቴን ነቀነቅሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ቁጭ አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እኛም ለመመላለሱ ብለን ነው ጠንካራ ጫማ ያደረግነው» አሉ።