ከግራ የሚመጣ ጀሪካን

ሱቅ ገብቼ የዘይት ጀሪካን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ወረቀቱ ሰፊው ፊቱ ላይ ቀጥ ብሎ ተለጥፎ፣ መያዣው በስተኋላ ሆኖ ሲታይ ሰው በራሱ የሆነ ይመስለዋል። በራሱ የሚሆን ነገር የለም።

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ዘይት በቦቴ መጥቶ በጀሪካን የሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። ጀሪካኑ ተሞልቶና ተከድኖ በቀበቶው ላይ እየተንደረደረ ይመጣል። ወረቀት የሚለጥፈው ማሽን ደግሞ አያገናዝብም፤ የመጣለት ላይ ይለጥፋል። መያዣው ወደ እሱ ዞሮ ከመጣ መያዣው ላይ ይለጥፋል፣ ወረቀቱ ይሸበሸባል፣ መስመሩ ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ከእሱ በፊት ጀሪካኑን እያየ የሚያዞር ሌላ ማሽን ነበር። እሱ ተበላሸ። "መለዋወጫው መንገድ ላይ ነው" ተባልን። እስኪመጣ በማሽኑ ቦታ ሁለት ሴቶች አቆሙ።

አንዷ እኔ ነኝ። ሌላዋ ከመቻራ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እንደ እናት አዴ እንላቸው ነበር። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር ሥራም የምንሄደው አብረን ነው። ሥራችን ዞሮ የመጣውን ጀሪካን ማስተካከል ነበር። ያመለጠንን በስተቀኛችን ያለ የብረት ክንድ ገፍቶ ከመስመር ያወጣዋል። ያ ክንድ ጀሪካንና ሰው አይለይም።

ጀሪካኑ የሚመጣው ከግራችን ነው። በግራ እጁ የሚይዝ ሰው በቂ ጊዜ አለው። በቀኜ ካልሆነ የሚል ሰው ግን ፊት ለፊቱ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት፤ አዙሮ ሲለቀው ክንዱ አጠገብ ደርሷል። እኔ በግራዬ አዞር ነበር። አዴ እምቢ አሉ።

"የሰው ሪዝቅ፣ የሰው ሲሳይ ነው" አሉት ተቆጣጣሪውን። "ገበታ ላይ የሚወጣ ነገር በግራ እጅ አይሰጥም።"

"ተከድኗል እኮ አዴ! ዘይቱን መች ነኩት?"

"ለእንግዳህ ምሳውን በግራህ ታቀርብለትና፣ ሳህኑን እንጂ ምግቡን አልነካሁም ትለዋለህ? ሀራም ነው ልጄ።"

ስቆ ሄደ። እሱ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ እዚህ ግን ጫት እንኳ በግራ እጁ የሚያቀብል ባለጌ ይባላል። አዴ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲሰጡም ሲበሉም የኖሩት በቀኛቸው ነው። ለደመወዝ ብለው አሁን ይለውጡ?

መፍትሔው ደግሞ አጠገባችን ነበር። ከቀበቶው ማዶ ብንቆም ጀሪካኑ ከቀኛችን ይመጣል፣ ክንዱም በግራችን ይሆናል። በቃ፣ ይኸው ነው። ማዶው ግን ባዶ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተከምሮበታል። ለተቆጣጣሪው ነገርኩት፤ "ነገ" አለኝ። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት፤ "ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ተነጋገሩ" አለኝ። የመጋዘን ኃላፊው "ቦታ የለኝም" አለ። ባዶ ካርቶን! ንፋስ የሚያነሳውን ካርቶን ለማንሳት ሰው ጠፋ። በዚህ መሀል ረመዳን ደረሰ፣ ዘይት ተፈላጊ ሆነ፣ የቀበቶውን ፍጥነት ጨመሩት።

አንድ ጠዋት መያዣው ወደፊት የዞረ ጀሪካን መጣ። አዴ ቢስሚላህ ብለው በቀኛቸው ያዙት። ጩኸታቸውን አልሰማሁም፤ ማሽኑ ከሰው በላይ ይጮሃል። ጀሪካኑን ነው ያየሁት፤ በትክክል ዞሮ፣ ቀጥ ብሎ አለፈ። ከኋላው ደም ነበር። የማቆሚያውን ቁልፍ ስመታ የአዴ ቀኝ እጅ በብረት ክንዱና በቀበቶው ጠርዝ መሀል ተይዞ ነበር። ሆስፒታል አውራ ጣታቸውንና ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱን ቆረጧቸው።

ካርቶኑስ? በዚያው ቀን ከሰዓት ተነሳ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ሁለት የቀን ሠራተኞች እየተሳሳቁ አንስተው ጨረሱት። ተቆጣጣሪው ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ቅመው ነበር።" በጾም፣ በጠዋት! "አንተ ሰው፣ አላህን ባትፈራ እንኳ እኛን እፈር" አልኩት ሰው ሁሉ እየሰማ። አላፈረም። እኔም ከዚያ በኋላ ሰላም ብዬው አላውቅም።

ቤት ከገቡ በኋላ አዴ ብቻቸውን መብላት ጀመሩ። ምግባቸውን ይዘው ይገባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ። አንኳኩቼ "አብረን እንብላ እንጂ" ስላቸው "በላሁ ልጄ" ይሉኛል። ድሮ ጎረቤቱን ሁሉ ካልጠሩ የማይበሉ ሴት ናቸው።

ከኢድ በኋላ መለዋወጫው መጣ፤ አዙሪው ማሽን ተጠገነ። ለእሱ ድግስ ተደገሰለት። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻው ታረደ። ሥራ አስኪያጁ ለአዴ መኪና ላከላቸው። መጡ፤ ቀኛቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ከእኛ ትሪ ዙሪያ ተቀመጡ። ሩዝ በሥጋ ነበር። ሰው ሁሉ እጁን ሰደደ፣ እሳቸው ግን አልነኩም።

"ይብሉ እንጂ እናቴ!" አላቸው ሥራ አስኪያጁ ከማዶ ገበታ፣ እጁ እስከ አንጓው ወጥ ነክቶት።

"ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።"

አላስቻለኝም። ጠቅልዬ ላጎርሳቸው ዘረጋሁ። ፊታቸውን መለሱብኝ።

"ሰው ፊት አታጉርሺኝ" አሉኝ በዝግታ። "ሕፃን አይደለሁም።"

የያዝኩትን ትሪው ላይ መለስኩት። ቆየት ብዬ በሳህን አውጥቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩላቸው። ሳህኑን በሻርፓቸው ሥር ይዘው "ትንሽ አየር ልውሰድ" ብለው ወጡ። ሲቆዩብኝ ውሃ ይዤ ፈለግኳቸው።

መጋዘኑ ጀርባ ነበሩ። ሳህኑን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በግራ እጃቸው እየቸኮሉ ይበላሉ። በእያንዳንዱ ጉርሻ "አስተግፊሩላህ" እያሉ አላህን ይቅርታ ይለምናሉ። ኮቴዬን ሳይሰሙ ተመለስኩ።

ሥራ አስኪያጁን በር ላይ ጥርሱን እየጎረጎረ አገኘሁት።

"አዴስ? በሉ?"

ውሃውን ፊቱ ላይ ብደፋው ደስ ይለኝ ነበር።

"በሉ" አልኩት።