በቀበሌው ግድግዳ ላይ ያለች ሴት

በደርግ ጊዜ የሥዕል ተማሪ ሳለሁ፣ ስለ ሜክሲኮ ሥዕል የሚያወራ አንድ ትልቅ መጽሐፍ እጄ ገባና ሌላ ሥራ አስፈታኝ። አብዮት ካለፈባቸው በኋላ ሠዓሊዎቻቸው የመንግሥት ሕንፃዎችን ግድግዳ በሕዝባቸው መልክ ሞልተውታል። ሸክም ያጎበጠው ጀርባ፣ ሰፋፊ እግር፣ እንደኛው ጠይም ፊት። እኛም አብዮቱ ነበረን፣ ግድግዳውም ነበረን፤ የሚሳልበት ሠራተኛ ግን ማንንም አይመስልም። ያን ሁሉ ጡንቻ ምን በልቶ እንዳመጣው እንጃ! በጣም ያናድደኝ ነበር።

ስለዚህ ልደታ ያለው ቀበሌያችን ሊቀመንበር የግቢውን ግድግዳ በሠራተኞች ሰልፍ ሥዕል እንድሞላው ሲያዘኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። መጀመሪያ የመረጥኩት ጎረቤታችንን ነው። በየቤቱ እየዞሩ ልብስ የሚያጥቡ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው እዚያው ቀበሌ ታስሯል። በየቀኑ ምሳ ያደርሱለታል፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ያያሉ እንጂ እሱን አያዩትም።

የልብስ ቋጠሮ ተሸክመው እንዲቆሙልኝ ስለምናቸው «ደግሞ የኔ ምኔ ይሳላል፣ ልጄ?» ብለው ሳቁ። ቆሙልኝ። እንደ ሜክሲኮዎቹ በጎን ሳልኳቸው፤ ጎበጥ ብለው፣ ሰልፉ ወደሚሄድበት እያዩ።

ምሳ ሊያቀብሉ ሲመጡ ጠባቂው በሩን ገርበብ አድርጎ ሥዕሉን አሳያቸው።

«አንድ ዓይን ብቻ?» አሉኝ።

ክው አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይን እንደሚሳሉ፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ይሁዳና ወገኖቹ እንደሆኑ በልደታ ደጅ ያደገ ሁሉ ያውቃል። መጽሐፉ ነው ያስረሳኝ።

«ሜክሲኮዎች እንዲህ ነው የሚስሉት» አልኳቸው።

«ሜክሲኮ እዚያ አደባባዩ ጋ ነው፤ እኛ ልደታ ነን» አሉ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ለሰው አፍ ግድ የለኝም፣ ልጄ። ግን እስረኞቹን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንዲሞቁ እዚህ ያወጧቸዋል አሉ። ልጄ ሲያየኝ፣ እናቴ ፊቷን አዞረችብኝ እንዲል አልፈልግም።»

በማግስቱ አስተካከልኩት። ሰውነታቸውን በጎን ተውኩት፤ ፊታቸውን ግን ሙሉ አድርጌ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጠኋቸው። ሰልፈኛው ሁሉ ወደ ፊት ሲሄድ እሳቸው ብቻ ወደ ግቢው ያያሉ።

ሊቀመንበሩ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። «ይቺ ሴትዮ ማንን ነው የምታየው?»

«ሰፊውን ሕዝብ» አልኩት። ትንሽ አየኝና ሄደ።

ከክረምቱ በኋላ ልጁ ተፈታ። ከስቷል፣ ግን በእግሩ ሄዶ ገባ። እንኳን አበቃዎ ልል ስሄድ እናቱ እግሩን እያጠቡት ነበር።

«በየቀኑ አይሻለሁ እማዬ» አላቸው። «እኔ ብቻ አይደለሁም። ልጆቹ ሁሉ እማማ ነው የሚሉሽ። ስማቸው ተጠርቶ የሚወጡት፣ ያልተመለሱት፣ አንቺን እጅ ነስተው ነው የሄዱት።»

እሳቸው እግሩን አጥበው ጨረሱ፣ አደረቁለት።

በማግስቱ ጥቁር ለብሰው ወጡ። ያኔ ለተረሸነ ልጅ ማልቀስ እንኳ ክልክል ነበር። የእሳቸው ልጅ ግን በሕይወት ቤቱ ተቀምጧል፤ ለማን ነው ብሎ የሚጠይቃቸው አልተገኘም። እኔ ግን ለማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ዓመት ሙሉ ጥቁሩን አላወለቁም።