የወፏ ጫጩት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። መካነ ኢየሱስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እየበላን ሳለ ስልኩን አወጣና ወደ ዓይኔ አስጠጋልኝ።

«ጋሼ፣ ይችን ይመልከቱ እስቲ። ቅንጡ መኪና የሚሠሩት ኩባንያዎች አሁን ዋጋዋ ቀነስ ያለ እያወጡ ነው። ለጀማሪ የምትሆን ይሏታል። ምልክቱ ያው፣ ስሙም ያው። እንደኛ ያለው ሰውም ሊነዳት ነው ማለት ነው!»

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ትንሽ፣ ድብልብል ያለች መኪና ናት። አፍንጫዋ ላይ ክንፏን የዘረጋች የብር ወፍ ተለጥፋለች። የያዝኩትን ድንች ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«አዲስ ነገር መሰለህ?» አልኩት። «ድሮም ሠርተው ያውቃሉ።»

«እርስዎ ደግሞ የት አይተው ነው?» ብሎ ሳቀ።

ወገዳ ላይ ነው ያየኋት ብዬ ብነግረው አያምነኝም። ቢያምነኝም፣ ቀጥሎ የሚጠይቀኝን ጥያቄ ፈራሁት።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ኮሌጅ ጨርሼ በተወለድኩባት በወገዳ አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። አንድ ሙሉ ልብስ፣ ሁለት ሸሚዝና ብዙ ኩራት ነበረኝ። በስማዳ ምድር መኪና ማለት እህል የሚጭነው ከባድ መኪናና ሰው የሚጭነው አሮጌ አውቶቡስ ነበር። ቅንጡ የሚባል መኪና ያየነው የአቶ አድማሱን ብቻ ነው። አቶ አድማሱ የወገዳ ተወላጅ ናቸው፤ ባሕር ዳር ነግደው የከበሩ። በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ እናታቸውን ሊጠይቁ በጥቁሯ መኪናቸው ይመጣሉ። ገበሬው አህያውን ከመንገድ አውጥቶ፣ ከጎማዋ ፊት ድንጋይ እየለቀመ ያሳልፋት ነበር። ማንም ሳያዘው። አፍንጫዋ ላይ ስላለችው ወፍ ሕዝቡ «ባለወፏ» ይላታል፤ ስሙ ከመኪናዋ ወደ ሰውየው ተሻግሮ እሳቸውንም «ባለወፉ» ይሏቸው ጀመር።

ስማቸው የሚባል አብሮ አደግ ነበረኝ። በአንድ ዴስክ ተቀምጠን ተምረናል። እኔ ጎበዝ ነበርኩ፣ እሱ እጁ እንጂ ደብተሩ አይሆንለትም ነበር፤ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ አዲስ አበባ ጋራዥ ገባ። አባቱን አያውቅም። እናቱ እማማ እታገኝ በወጣትነታቸው የአቶ አድማሱ ወላጆች ቤት እህል ሲፈጩና ውኃ ሲቀዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ተሰናብተው፣ ገበያ ላይ ጌሾና ነጭ ሽንኩርት ይቸረችሩ ነበር። እኔንም ከልጃቸው ሳይለዩ አጉርሰውኛል። ይህን ያነሳሁት የበደሌ ልክ እንዲታወቅ ነው።

ግንቦት ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አገሩ ሁሉ አፈር አፈር ይሸታል። አቶ አድማሱ ሴት ልጃቸውን በትውልድ ቀያቸው፣ በወላጆቻቸው ግቢ ሊድሩ ትልቅ ዳስ ጥለው፣ ከተማው በሙሉ ተጠርቷል። የሰርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ከተከራየኋት ክፍል ፊት ለፊት አንዲት ነጭ መኪና ቆመች። ከውስጧ ስማቸው ወረደ። አፍንጫዋ ላይ ወፏ አለች።

«ጌታሁን! እያት እስቲ!» አለኝ፣ አቅፎ እየነቀነቀኝ። «ያው ፋብሪካ የሠራት ናት። ትንሿ ናት እንጂ። ትልቋን መግዛት ለማይችል ብለው ያወጧት ናት። ተጋጭታ የተጣለች ነበረች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በእጄ አንድ በአንድ ሠራኋት።»

መዳፉን አየሁት። ጥፍሮቹ ሥር የገባው ጥቁር ዘይት በሳሙና የሚለቅ አልነበረም። መኪናዋ ታጥባ ታበራለች። ወንበሮቿ ላይ በመርፌ የተሰፋ አዲስ ልብስ አለ፤ እሱንም ራሱ ነው የሰፋው።

«ነገ እማዬን ይዣት ነው የምገባ» አለኝ። «በጓሮ በር ስትገባ የኖረችበት ቤት በፊት ለፊት በር ትግባ። ሌላ ምንም አልፈልግ። ለእማዬ አታምርም?»

«ታምራለች» አልኩ።

«አንተም ከእኛ ጋር ና። ጎኔ ትቀመጣለህ።»

«ከመምህራኑ ጋር በጠዋት እንሄዳለን ተባብለናል» አልኩት። ውሸቴን ነበር። እኔ እዚያ ዴስክ ላይ ቀድሜው የነበርኩ ሰው፣ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አሰፍቼ፣ በስማቸው መኪና ከጎኑ ተቀምጬ መታየት አልሆነልኝም። ቅናት መጀመሪያ ቅናት ነኝ ብሎ አይመጣም፤ ድካም፣ ሥራ መብዛት፣ የራስ ምታት መስሎ ነው የሚመጣው። በዚያን ዕለት እኔን ራሴን አሞኝ ነበር።

በማግስቱ ዳሱ በር አጠገብ ከመምህራኑ ጋር ተቀምጬ ጠላ እየጠጣሁ ሳለ ነጯ መኪና ብቅ አለች። የአቶ አድማሱ ጥቁር መኪና አበባ ተሸልማ ደጁ ላይ ቆማለች። ነጯ ቀስ ብላ መጥታ ከኋላዋ ቆመች። አጠገብ ላጠገብ ሲታዩ ግማሿን አታህልም። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ተመለከተ። ያ ዝምታ ወደ አድናቆት ሊያደላ ነው መሰለኝ፤ ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ።

«ኧረ ባለወፏ ጫጩት ፈልፍላለች!»

መምህራኑ በሳቅ ፈነዱ። ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር እየተሻገረ፣ ቃሉን እየያዘ ዳሱን ዞረ። «ጫጩት! ጫጩት!» ስማቸው መስኮቱን ዘግቶ መኪናዋን እያቆመ ስለነበር ማን እንደተናገረ አልሰማም። ወርዶ ለእናቱ በር ከፈተላቸው። እማማ እታገኝ አዲስ ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል። በኮባ የተጋገረ ትልቅ ድፎ ዳቦ በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ ሳቁ የደስታ መስሏቸው ለሁሉም አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ እጅ ነሱ።

አዝማሪው ቃል የወደቀበትን አይስትም። ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ፦

«ትልቋ ወፍ መጥታ ስታርፍ ከደጃፉ፣
ጫጩቷ ደረሰች ሳይበቅልላት ክንፉ።»

ስማቸው ያኔ ገባው። ቢሆንም እየሳቀ ጠጋ ብሎ ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። እንደ ቀልድ ከወሰድኩት ቀልድ ሆኖ ያልፋል ብሎ ይሆናል። አንገቱ ግን ቀልቶ ነበር።

እናትና ልጅ ገና ከመቀመጣቸው የአቶ አድማሱ ሚስት ወይዘሮ የሺ ወርቃቸውን ደርድረው መጡ። ድፎውን ተቀብለው ሳያዩት ለአንዲት ልጅ አቀበሉ።

«እታገኝ! መጣሽ? እሰይ፣ እንኳን መጣሽ። ጓዳ ሰው ጎድሎብናል። ነጠላሽን አስቀምጪና ወጡን አንድ በይልን። የዚህን ቤት ምድጃ ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?»

በዕድሜ በአሥር ዓመት የሚበልጧቸውን ሴት ነው «አንቺ» የሚሏቸው። ስማቸው ብድግ አለ።

«እማዬ፣ ተቀመጪ። እንግዳ ነሽ።»

«ተው ልጄ» አሉ እማማ እታገኝ በቀስታ። «የሰው ሰርግ አይታወክም።» ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ወደ ጓዳ ገቡ። በጓሮ በኩል ነበር መግቢያው።

ስማቸው እንደ ቆመ ቀረ። አቶ አድማሱ ከሙሽራይቱ ወገን ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ጠሩት። «ና እስቲ ስማቸው፣ መካኒክ ሆነሃል አሉ። ይህች መኪናዬ ከሥሯ ትጮህብኛለች፤ ሙሽሮቹን ይዛ ሳታሳፍረኝ እያት።» እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ባለጠጋ ሰው በሽማግሌ ፊት ሲጠይቅ እምቢ ማለት በአገራችን ነውር ነው፤ መጠየቁ ግን ነውር አይደለም። ኮቱን አወለቀ፣ አዲሱን ሱሪውን እንደለበሰ ከጥቁሯ መኪና ሥር በጀርባው ተጋደመ። ሰዎች የጠጅ ብርሌ እንደያዙ ከብበው እግሮቹን ያዩ ነበር። ሲወጣ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ጭቃና ዘይት ነበር። «በርታ፣ ጎበዝ ልጅ ነህ» ብለው ትከሻውን መታ አደረጉትና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እሱ ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ።

ሰማዩ በጋይንት በኩል ጠቁሮ ነበር። ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ። ያ የወገዳ ጥቁር አፈር ውኃ ሲነካው ወዲያው ሊጥ ይሆናል። «ሙሽሮቹ ይውጡ፣ ወንዙ ሳይሞላ!» ተባለና ትርምስ ሆነ። ጥቁሯ መኪና እንዳትወጣ ግን ነጯ ከኋላ ዘግታታለች።

«ይችን ጫጩት አንሡልኝ!» ብለው ጮኹ አቶ አድማሱ።

ሰው እየሳቀ ወረደባት። ቁልፉ ከስማቸው ኪስ ነው፤ የሚጠራው ግን አልነበረም። ስምንት ዘጠኝ ወንድ ሆነን፣ «ሆ! በል! ሆ! በል!» እያልን ወደ መንገዱ ዳር ገፋናት። «ሆነን» አልኩ። እኔም ነበርኩበት። ሁለት እጄ በኋላ የዕቃ ማስቀመጫዋ ክዳን ላይ ነበር፤ ዝናቡ ፊቴን እየመታኝ እየሳቅሁ ነበር።

ያን ጊዜ ከኋላ መስታወት ውስጥ አንድ ፊት ወደ እኔ ዞረ። እማማ እታገኝ ነበሩ። ከጓዳ ወጥተው፣ ከዝናቡም ከሰዉም ተጠልለው፣ የልጃቸው መኪና ውስጥ ገብተው ተቀምጠው ኖሯል። ዓይን ለዓይን ተያየን። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ምን እንዳሉ ግን አልሰማሁም። ቁሙ ብዬ መጮህ ነበረብኝ። እጄን ከመኪናዋ ላይ ብቻ አነሣሁ። መኪናዋ የፊት ጎማዋ ከመንገዱ ጠርዝ አምልጦ፣ ተንሸራታ፣ በጎኗ ቦዩ ውስጥ ወደቀች።

ሳቁ ቆመ። ከውስጥ ጩኸት ተሰማ።

ጥቁሯ መኪና ሙሽሮቹን ይዛ ጡሩምባዋን እየነፋች ሄደች። ከእነሱ አንድም ዘወር ብሎ ያየ የለም።

ስማቸው ከጓሮ በግማሽ የታጠበ ፊቱን ይዞ ሲሮጥ መጣ። መስኮቱን በክርኑ ሰብሮ እናቱን አወጣቸው። ነጩ ቀሚስ ነጭ አልነበረም። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ከዳሱ ሁለት አጣና ነቅለን ቃሬዛ ሠራንና ጤና ጣቢያ ድረስ በዝናቡ ተሸከምናቸው። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መንገዱን ሙሉ እማማ እታገኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ስማቸው ከፊቴ ሆኖ እያለቀሰ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» አለኝ።

መኪናዋን በሦስተኛው ቀን በበሬ ጎትተው አወጧት። ስማቸው ለመለዋወጫ ፈታትቶ ሸጣትና እናቱ እንደተሻላቸው ተመልሶ ሄደ። እማማ እታገኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም። ወደ ገበያ እያነከሱ ሲመጡ፣ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች እንኳ «እማ ጫጩት» ይሏቸው ነበር። ክፉ ቃል ከባለቤቱ አፍ አንዴ ከወጣ በኋላ የማንም አይደለም፤ ሁሉም ይጠቀምበታል። ተማሪዎቼ በክፍሌ መስኮት በኩል ሲያልፉ ሲጠሯቸው ሰምቼ ጠመኔዬን ይዤ ቆሜ አውቃለሁ። አንድም ቀን አልገሠጽኳቸውም።

ስማቸው ኋላ ደብረ ታቦር የራሱን ጋራዥ ሲከፍት እናቱን ሊወስዳቸው መጣ። እሱ ዕቃ ሲያስጭን እኔና እማማ እታገኝ ለብቻችን ቀረን። እግራቸው ሥር ወደቅሁ። «እማማ፣ ይማሩኝ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

በምርኩዛቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉ። ከዚያ «ተነሥ፣ እንዳያይህ» አሉኝ። «አልነገርኩትም። አልነግረውምም። ካንተ ሌላ ጓደኛ የለው።»

ምሬሃለሁ አላሉም። እስከ ዛሬ ቃላቸውን ስመረምረው ምሕረት አላገኘሁበትም። ያገኘሁት እናትነት ነው፤ እሱም ለእኔ አልነበረም።

እማማ እታገኝ ካረፉ ቆይተዋል። ለቅሶ ስደርስ ስማቸው ልጆቹን ጠርቶ ለእኔ እጅ አስነሣቸው። «ያን ቀን አገር ሁሉ በአያታችሁ ሲስቅ፣ ያልሳቀው እሱ ብቻ ነው» አላቸው። ልጆቹ ጉልበቴን ሳሙ። እኔም አሳምኩ።

የእህቴ ልጅ ስለዚያች መኪና ብዙ አወራኝ፤ ለመካከለኛ ሰው ክብር በቅናሽ መጣለት እያለ። ፋብሪካው ወፏን አሳንሶ መሸጥ ይችላል። ከፊቷ ድንጋይ የሚለቅመው ገበሬ፣ «ገባ በሉ» የሚለው አስተናጋጅ፣ ሳቁን የሚውጠው ጓደኛ ግን አብረዋት አይመጡም፤ እነሱ እኛ ነን። እኛ ደግሞ ውድ ነን፤ ለማን እንደምንሸጥ መርጠናል።

ስማቸው በየበዓሉ ይደውልልኛል። በቀደም ለትንሣኤም ደውሎ፣ እንደ ልማዱ፣ «ወንድሜ» እያለ ጤናዬን ጠየቀኝ። እውነቱን ብነግረው ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ እሱ ግን በስተርጅና ያለ ጓደኛ ይቀራል። ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው እላለሁ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።