ቡኒው ጎን

አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ብስኩት ስትጋግር ኖራለች። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት "ምድጃ ላይ ነኝ" ብላ ዝም ነው። የባለ ዶሮ ብስኩት ጋጋሪ መሆኗን የምናወራላት እኛ ነን። እኔማ አፌ አያርፍም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ዶሮ የተሳለበትን ላስቲክ ሲቀድ ካየሁ፣ አንዷን ሳይጎርስ የአክስቴን ታሪክ ጀምሬለታለሁ።

ባለ ዶሮን የማያውቅ የለም። አራት ማዕዘን ሆና አንድ ጎኗ ብቻ ጠቆር ያለች ናት። ልጆች ነጣ ያለውን ይበሉና ቡኒውን ጎን ለመጨረሻ ያቆዩታል። ተማሪ ሳለን ከጀርባችን ለሁለት እንሰብራትና ቡኒው በየትኛው እጅ እንዳለ እናስገምት ነበር። ነገር የተቃናለትን ሰው "ቡኒው ጎን ደረሰው" ይሉታል፤ የሬዲዮ ቀልደኞችም አፍ ውስጥ ገብቷል። ነፍሱን ይማረውና የአክስቴ ባል እንኳ ለትዳር ሲጠይቃት ብዙ አልተናገረም፤ ቡኒውን ጎን ቆርሶ ሰጣት። እሷ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች የገባን ግን ዘንድሮ ነው።

ያ ቡኒ ጎን የአክስቴ ጥፋት ነበር።

በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ምድጃው በስተግራ ትኩስ አየር የሚነፋበት መዝጊያ ነበረው፤ ብስኩቱ መቅላት ሲጀምር ጥርቅም ተደርጎ መዘጋት አለበት። እጀታው አቃጠላትና ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ለቀቀችው። ብስኩቱ በግራ ጎኑ ጠቁሮ ወጣ። የዚያን ጊዜው አለቃ ሰው ለማባረር ሰበብ የሚፈልግ ዓይነት ስለነበር ትንፍሽ ሳትል ታሽጎ ወጣላት። ተመላሽ ስትጠብቅ ባለሱቆቹ "እንደዚያኛው አምጡልን" አሉ። ከዚያ በኋላ ብትዘጋው ይታወቅብኛል ብላ ፈራች፤ ብትተወውም ይታወቅብኛል ብላ ፈራች። ተወችው። ከሥሯ የሠለጠኑትም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ እሷ ስታደርግ ያዩትን እያደረጉ ቀጠሉ።

ዘንድሮ አሮጌው ምድጃ ተነቅሎ አዲስ ገባ። ብስኩቱ ዙሪያውን እኩል በስሎ፣ አምሮና ተውቦ ወጣ። ሰዉ ግን አስመስለው የሠሩት ነው እያለ ይመልሰው ጀመር። የሰፈራችን ባለሱቅ "ዶሮዋ ታማለች" ብሎ መደርደሪያው ላይ ገልብጦ አስቀመጣት። መሐንዲሱ አንድ ወር ሙሉ ታገለ፤ አንዴ ሁለቱም ጎን ይጠቁራል፣ አንዴ መሃሉ ያርራል። አክስቴም ክስት አለች። ጡረታ ልትወጣ ስድስት ወር ቀርቷታል፤ ብትናገር ስሟ ጠፍቶ ልትሰናበት ነው፣ ዝም ብትል ብስኩቷ ዓይኗ እያየ ሊሞት ነው።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ማሸጊያው ክፍል ሰብስቦ፣ ቡኒው ጎን በፊት እንዴት ይመጣ እንደነበር የሚያውቅ ካለ እንዲናገር ለመነ። አክስቴ ሻሿን አስተካክላ ተነሣች።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች። "የግራውን መዝጊያ ሁለት ጣት አስቀርቼ ነበር የምተወው። ከተቀጠርኩ ጀምሮ።"

ሥራ አስኪያጁ እስከዛሬ ለምን እንዳልተናገረች ጠየቃት።

"ያባርሩኛል ብዬ ነዋ።"

ማንም አልሳቀም። መሐንዲሱ ብቻ ክንዷን ይዞ እየሮጠ ማለት ይቻላል ወደ ምድጃው ወሰዳት።

በማግስቱ ቢሮ ጠርተው ወረቀት አስፈረሟት። መነጽሯን ቤት ረስታ ነበር፤ ምን እንደሆነ መጠየቁም አስፈራት። ማስጠንቀቂያ ነው ብላ ቅጂውን በፖስታ ይዛ መጣች። መነጽሯ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ እያየችው ፖስታውን ወደ እኔ ገፋችው።

"አንብቢልኝ፤ ግን ቀስ ብለሽ" አለችኝ።

ከላይ "የባለ ዶሮ አጋገር መመሪያ" ይላል። የአዲሱ ምድጃ የግራ አየር መዝጊያ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይተዋል ይላል። ከታች፣ "የአሠራሩ ባለቤት" በሚለው መስመር ላይ፣ የእሷ ስምና የተንቀጠቀጠች ፊርማዋ አሉ። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።

"አንድ ጎኑ ያልጠቆረ ብስኩት እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ ይወገዳል።"

"የቱ ነው የሚወገደው?"

"ያልጠቆረው፣ አክስቴ።"

ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለች። እንደዚያ ተዝናንታ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

"ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት። አሁንም ድገሚው አለችኝ። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ሲቆራረጥብኝ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ፣ ያለ መነጽር፣ በቃሏ ጨረሰችው።