ቀላሏን የመረጠልኝ እጅ

ትከሻዬን የጎዳው ላፕቶፕ ነው ስል ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ሐኪሙ ግን ቦርሳዬን ከወለል ላይ አንስቶ መዘን መዘን አደረገውና፣ «ይሄን ተሸክመሽ ነው የምትውዪው?» አለኝ። ሥራዬ ለድርጅቶች ጥናት አጥንቶ ምክር መስጠት ነው። ቢሮዬ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ሆኖ፣ ጠዋት ስድስት ኪሎ ስብሰባ አለኝ፣ ከሰዓት ደግሞ ከተማው ሌላ ጫፍ። በሚኒባስ ታጭቄ ያንን ብረት ጭኔ ላይ አቅፌ ዓመታት ዞሬያለሁ።

ስለዚህ ቀላል ላፕቶፕ ልገዛ ቆረጥኩ። ቀላል ብቻ ሳይሆን፣ ደንበኛ ፊት ስከፍተው የማያሳፍረኝ፣ መብራት ሲጠፋም ሶኬት ፍለጋ የማያስሮጠኝ። የቢሮ ባልደረቦቼ ሁሉም አዋቂ ሆኑ። አንዱ ባትሪውን እይ ይላል፣ ሌላዋ ስክሪኑን፣ ሦስተኛው የእኔን አይነት ካልገዛሽ ብሎ ሊጣላኝ ይደርሳል። ምክር ሸጬ የምኖር ሰው፣ እኔ ራሴ ሲመክሩኝ አልወድም። ሁሉንም ትቼ አባቴን ይዤ ልሄድ ወሰንኩ።

አባቴ ወርቅ ሠሪ ነበር። ፒያሳ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቅ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ሚዛን ነበረው፤ ግን ሚዛኑ ለገዢው ማሳመኛ እንጂ ለእሱ አልነበረም። ቀለበቷን መዳፉ ላይ አድርጎ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ክብደቷን ይናገራል፣ ከዚያ ሚዛኑ ያንኑ ይደግምለታል። እሪ በከንቱ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቻችን ማሩንም ቅቤውንም ያስመዝኑት ነበር። አንዷ እንዲያውም አራስ ልጇን ይዛ መጥታ፣ «አባባ፣ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?» ብላዋለች። እሱም ሳይስቅ ሕፃኑን ተቀብሎ መለሰላት።

የእሱ ሱቅ የነበረበት የወርቅ ቤቶች መስመር ከፈረሰ ወዲህ ግን የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። ጠዋት በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፣ ለሶላት ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ይህ አንጀቴን ይበላው ነበር። እንግዲህ የምፈልገው ክብደት የሚለይልኝ ሰው ከሆነ፣ ከእሱ የተሻለ ከየት ይመጣል? ስነግረው ዐይኑ በራ። ኮቱን አስተኮሰ፣ አዲሱን ቆቡን አደረገ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ዳገቱን ቀስ እያልን ወደ ፒያሳ ወጣን። መንገድ ላይ፣ «ዕቃ ስትገዢ ፊትሽ ላይ መውደድሽ እንዳይታይ» እያለ ያስጠነቅቀኝ ነበር።

ሻጩ እኩያዬ የሚሆን፣ ምላሱ የማያርፍ የሰፈር ልጅ ነበር። ሁለት ላፕቶፕ አወጣልኝ። ተዘግተው ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ። እኔ አስቀድሜ ሁለቱንም አንስቻቸዋለሁ፤ አንደኛው በጣት የሚነሳ ነው፣ ሌላው ግን ከአሮጌው ሸክሜ ብዙም አይሻልም። ሻጩ ስለ ፍጥነቱ ሲቀጥል አባቴ እጁን አነሳ።

«አንተ ዝም በል፤ ዕቃው ራሱ ይናገር» አለው።

«እሺ ፋዘር፣ መድረኩ የእርስዎ ነው» አለና ሻጩ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ መዳፉ ላይ አኖረለት።

አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ዐይኑን ጨፈነ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሌሎች ገዢዎችም ዞረው ያዩት ጀመር። እኔ ኩራት ኩራት አለኝ። ቆየት ብሎ ግራ እጁን ከፍ አደረገና፣ «ይቺ ናት። ወላሂ ላባ ናት» አለ።

ከባዱ ነበር።

ሻጩ አፉን ከፈተ። «ኧረ ፋዘር፣ እሷ እኮ...» ሲል በዐይኔ ቀጣሁት። የአራዳ ልጅ አይደል፣ ወዲያው ገባው። «እሷ እኮ ምርጥ ናት ልል ነው። እጅዎ ሚዛን ነው» አለ። ከባዱን ገዛሁ። በሰው ፊት ተሳስተሃል ብዬው ቆቡን አድርጎ የመጣበትን ቀን ላበላሽበት አልፈለግኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ በልቤ፣ «ታዲያ ምን አለበት፣ ትከሻዬ ለምዶታል» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ስገባ፣ «እንዴት ናት? ቀለለችሽ?» ይለኛል። «ላባ ናት፣ አባባ» እለዋለሁ፣ ትከሻዬ እየነደደ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፣ እንደዚያ ከረምን። ብርጭቆ ከግራ እጁ ሲወድቅ አያለሁ። የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ሲታገል አያለሁ፤ አይቼም ፊቴን አዞራለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። እንሂድ ካልኩት ያን ቀን መሳሳቱን ማወቄን ይነቃብኛል ብዬ ፈራሁ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ የተማርኩ ነኝ፣ ግን ይህችን ለመናገር አቅም አጣሁ። ዛሬ ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

አንድ ጠዋት ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ወደቀ። ሆስፒታል ስንደርስ ግራ ጎኑ ሙሉ በሙሉ አልታዘዝ ብሎት ነበር። አንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቷል አሉን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አጎንብሳ በቀስታ ጠየቀችው።

«አባባ፣ እጅዎ መደንዘዝ የጀመረው መቼ ነው?»

አንደበቱ ተሳስሯል፣ ግን ይሰማል። «ቆይቷል» አላት። «ላፕቶፕ ሳንገዛ በፊት።»

ሐኪሟ የሚለው አልገባትም። ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጣችና፣ ያ መደንዘዝ ማስጠንቀቂያ እንደነበር፣ ያኔውኑ ቢመጣ ምናልባት መድኃኒት ይህንን ሊያስቀርለት ይችል እንደነበር ነገረችኝ። «ቤተሰብ ውስጥ ያስተዋለ ሰው አልነበረም?» አለችኝ።

ስመለስ ነቅቶ ጣሪያውን ያያል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና የማይሰማውን እጁን ያዝኩ። ከባድ ነበር።

«አባባ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ሱቁ ውስጥ ዐይኔን ስከፍት ፊትሽን አየሁ» አለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ። «መሳሳቴን ያኔውኑ አወቅሁ። ግራ እጄ ላይ ያለው ምንም አልከበደኝም ነበር፤ ለካ ድንዛዜ ብቻ አልነበረም፣ እጄ ነው የሞተው። ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ። መንገድ ላይ ጠበቅሁሽ፣ ቤትም ገብቼ ጠበቅሁሽ። ብትነግሪኝ ፈርቻለሁ እልሽ ነበር። በየማታው የምጠይቅሽም ለዚያ ነው።»

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ሳከብረው የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ብቻውን ሲፈራ ትቼዋለሁ። ግንባሬን ፍራሹ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። «አውፍ በለኝ አባባ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት፣ ደጋግሜ።

ቀና ስል እንቅልፍ ወስዶታል። የሰማኝ ይሁን ያልሰማኝ አላወቅሁም።