አርዲት ከአንድ ትጀምራለች

በእኛ ሰፈር ሰው ተጎታች ቤቱን ከመኪናው ጋር ሲያያይዝ አያናግሩትም። ደህና አደርክ እንኳ አይባልም። እንዳላየህ ሆነህ ታልፋለህ፤ ጨርሶ ሞተር ሲያስነሳ ያኔ እጅህን ታወዛውዛለህ። ይህን ደንብ ለመጣ ለሄደው የምናገረው እኔ ሆሊስ ነኝ። ድራይ ዌል በሚባለው የተጎታች ሰፈር በር ላይ እንግዳ ስቀበል አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ደንቡን በቀይ ቀለም ጽፌ የልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ታዲያ በአርዲት ላይ ደንቡን የጣሰው ማን መሰላችሁ? እመጣበታለሁ።

አርዲት ሊንድክቪስት የሰሜን ዳኮታ ሴት ናት። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ ወፍራም፣ ንግግሯ ቁጥብ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለአራት መቶ ልጅ ምሳ ስታበስል የኖረች ሴት ናት። ባሏ ቨርል የእህል ጎተራ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየኅዳሩ በረዶውን ሸሽተው፣ ቤታቸውን ከኋላቸው እየጎተቱ ወደ እኛ ወደ አሪዞና ይወርዳሉ፤ መጋቢት ሲያልቅ ይመለሳሉ። ያኔ ሾፌሩ ቨርል ነበር። አርዲት ከኋላ ቆማ፣ "ና፣ ና፣ ና! ቀኝ ስበር! መልስ! በቃ!" ትላለች። ቨርል አንገቱን በመስኮት ያወጣና፣ "የማንን ቀኝ ነው የምትዪው፣ የእኔን ወይስ ያንቺን?" ይላታል። "የእግዜርን!" ትለዋለች። ባልና ሚስት ተጎታች ሲያስገቡ መጣላታቸው እዚህ ወግ ነው። እኛም አመሻሽ ላይ ወንበራችንን አውጥተን፣ ቢራችንን ይዘን የምንመለከተው ትርኢት እሱ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር፣ ነጯ ፒክአፓቸው በሩ ላይ ስትቆም መሪውን የጨበጠችው አርዲት ነበረች። ቨርል አጠገቧ ተቀምጦ ፊት ለፊት ያያል፤ ግን አያይም። መጀመሪያ የሚያየው ነገር መሃሉ ጠፋበት፤ ዳር ዳሩ ቀረ፤ በዚያው በጋ ዳር ዳሩም ጠፋ። አስራ ሰባት መቶ ማይሉን የነዳችው እሷ ናት። ወደ ፊት መንዳት ግን ማንም ይነዳል። ጉዱ ወደ ኋላ ሲሆን ነው።

እኔ ቆጥሬያለሁ፤ አስራ አራት ጊዜ ሞከረች። ዘጠኝ ቁጥር ቦታ ላይ ያለውን የመብራት ምሰሶ ሁለቴ ገጨችው። ወንበር ይዞ ያልወጣ ሰው አልነበረም፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

"አርዲት፣ ምሰሶውን ልንቀልልሽ እንዴ?" አልኳት።

"ተወው። አንተ ኋላ ምን ተደግፈህ ልታወራ ነው?" አለችኝና መልሳ ማርሽ አስገባች።

በማግስቱ ጠዋት ከሰፈሩ ጀርባ ባለው የጠጠር ሜዳ ላይ አራት ባልዲ ደርድራ አገኘኋት። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ በባልዲዎቹ መሃል ወደ ኋላ ትገባለች፣ ትወጣለች። ቨርል አጠገቧ ተቀምጦ፣ "መሪውን ከታች ያዢው፤ እጅሽ በሄደበት የቤቱ ጭራ ይሄዳል" ይላታል።

"ከላይ ነው የለመድኩት።"

"ልማድሽን ባልዲው ውስጥ ጣዪው።"

ባልዲ ሲጨፈለቅ ቨርል በድምፁ ያውቃል። "ይሄ ሰማያዊው ነው" ይላል፤ እሷም "አረንጓዴው ነው፣ ዝም በል" ትለዋለች። በታኅሣሥ ስድስት ባልዲ ገዛች። በጥር ሁለት። በየካቲት አንድም አልገዛችም። በሁለተኛው ዓመት፣ አርባ ጫማ የሚረዝም ቤት እየጎተተ የመጣ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ቦታው አልገባ ብሎት ሚስቱ ላይ ሲጮህ፣ አርዲት ከወንበሯ ተነስታ ቁልፉን ተቀበለችው። በአንድ ጊዜ አስገባችው። ከዚያ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችና፣ "ሚስትህ ትክክል ነበረች፤ ግራ ነበር" አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች ባልዲ እየያዙ ወደ ሜዳው ይሄዳሉ። እኔም በእሷ መሳቅ ተውኩ፤ እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው።

ቤቱንም ለቨርል አበጀችው። የታሸጉ ጣሳዎች ላይ ላስቲክ አሰረች፤ አንድ ላስቲክ ባቄላ፣ ሁለት ላስቲክ ኮክ፣ ሦስት የቲማቲም ሾርባ። ከበሩ እጀታ እስከ ውጪው ጠረጴዛ ገመድ ወጠረችለት። የምድጃውን መዞሪያ በቢላ ጫፍ ጫረችው፤ ጭረቱ ወደ ላይ ከሆነ ጠፍቷል ማለት ነው። ቨርል እዚያ ቤት ውስጥ ዓይነ ስውር አልነበረም። ክንዱን ከዘረጋ ሁሉም ነገር እጁ ላይ ነው። እሁድ ጠዋት ፓንኬክ እየጠበሰ ጎረቤቱን ሲጠራ ያየ ሰው፣ ይሄ ሽማግሌ አያይም ብትሉት አያምናችሁም። እኔ ከዚያ ፓንኬክ ስንቱን በልቻለሁ፤ አንድም ያረረ አልገጠመኝም።

ማያያዙንም ለሁለት ተካፈሉት። ለማያውቅ ልንገር፤ የፒክአፑ ጭራ ላይ የብረት ኳስ አለች። የተጎታቹ አፍ ከላይ ወርዶ ኳሷን ይጎርሳል፤ ከዚያ ይዘጋል። ጉዞው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያች ላይ ነው። አርዲት ከታኮው እስከ ፍሬን መብራቱ ድረስ ሥራውን ሃያ ሁለት መስመር አድርጋ በካርድ ጽፋ፣ በፕላስቲክ አሽጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይዳስሳል። "አንድ፣ ታኮ።" ቨርል ተንበርክኮ ጎማው ሥር ያለውን ታኮ ይነካና "አለ" ይላል። "ሁለት፣ ክሪክ።" "አለ።" መሃል ላይ ሰው ካቋረጣት የደረሰችበትን አትገምትም፤ ከአንድ ትጀምራለች። አንድ ጊዜ ሃያ አንድ ላይ ደርሳ የጎረቤት ውሻ ስለጮኸ ከአንድ ጀምራለች። አበዛችው የሚል ነበር። እኔም ብያለሁ።

ልጃቸው ከርቲስ ፋርጎ ከተማ የሚኖር የኢንሹራንስ ሰው ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን መች ይጨነቅ ነበር። ባለፈው መጋቢት በአውሮፕላን መጣና በገመዱ ጫፍ ባለችው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን።

"እማዬ፣ ሰባ አንድ ዓመትሽ ነው። አባዬ አያይም። ከቤቴ አጠገብ ባለው የአዛውንቶች ቤት ሁለት ክፍል አስይዤላችኋለሁ። ይሄን ነገር እንሽጠው።"

"አባትህ አምና እዚያ አንድ ሳምንት ተቀምጦ የለ?" አለችው።

"ተመችቶት ነበር እኮ!"

"አልተመቸውም። ሰባት ቀን አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሽንት ቤት ለመሄድ ደወል ይደውል ነበር። እዚህ ፓንኬክ ይጠብሳል።"

ቨርል ከአንዱ ጣሳ ላይ ላስቲክ አውልቆ በጣቱ ይጠመዝዝ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ቤቱ ሲሸጥ ቨርል ሁለተኛ ሊታወር ነው።

በመጨረሻ ተስማሙ። ከሰፈራችን አራት ማይል እንደወጣህ መንገዱ ስድስት ማይል ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ በኩል ገደል። ከርቲስ ከማያያዙ ጀምሮ ቁልቁለቱ ግርጌ እስካለችው ከተማ አብሯቸው ይሄዳል። የሚያስደነግጥ ነገር ካላየ አፉን ይዘጋል። ካየ ግን ከተማው መግቢያ ላይ ያለው ነጋዴ ዘንድ ቆመው ቤቱን ይሸጣሉ። አርዲት እጁን ጨበጠች። አርዲት እጅ ከጨበጠች አለቀ፤ ቃል ማጠፍ አታውቅም።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በሚሄዱበት ጠዋት አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዤ መጣሁ። አርዲት ካርዷን ይዛ "ስድስት" ስትል ሰምቻለሁ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ መሆኔም ትዝ ብሎኛል። ግን በኅዳር ላይመለሱ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሲነሳኝ አድሮ ነበርና አፌ ቀደመኝ። ስለ ምሰሶው አወራሁ። ስለ ባልዲዎቹ አወራሁ። ሟች ባለቤቴ ኔዲን ብትኖር እንዴት ትወዳት እንደነበር አወራሁ። ከረጢቱን ቨርልን አሳቀፍኩት፤ ሁለቱም እጁ ተያዘ። አርዲት ይሉኝታ ያላት ሴት ናት፤ የሞተችው ኔዲን ስትነሳ ዝም በል ልትለኝ አልቻለችም።

ዞር ስንል ከርቲስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሟል። "ጨርሼላችኋለሁ" አለ። "አወረድኩት፣ አፉንም ዘጋሁት፣ ሰንሰለቱንም አሰርኩ፣ መቆለፊያ ስፒናውንም ሰካሁ። ነፋሱ ሳይበረታ እንነሳ።"

አርዲት ካርዷን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አንድ፣ ታኮ" አለች።

"እማዬ፣ አልቋል እያልኩሽ!"

"ሰምቻለሁ። አንድ፣ ታኮ። ቨርል?"

ቨርል ብርቱካኑን መልሶ አሳቀፈኝና ተንበረከከ። "አለ።"

ከርቲስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "አየህ? የደረሰችበት ይጠፋባታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼው ነው" አለኝ። ያቋረጥኳት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሌላ ጊዜ የማይዘጋ አፌ ያኔ ተዘጋ።

"ሰባት፣ ኳስ።"

ቨርል ጠጠሩ ላይ በጎኑ ተኝቶ እጁን ከታች ሰደደ። "አለ" አላለም።

"ቨርል?"

"ቆዪ።" ጣቶቹን መልሶ መላልሶ አሳለፈ። "አልጎረሰም።"

"አባዬ፣ ተዘግቷል። በዓይኔ ነው ያየሁት።"

"እኔም ባይ ኖሮ ተዘግቷል እል ነበር" አለ ቨርል ከመሬት። "ኳሷ ውጪ ናት ልጄ። አፉ ከላይዋ ተቀምጦ ነው የተዘጋው።"

አርዲት ነገር አላበዛችም። የክሪኩን እጀታ ይዛ አዞረች። ኳሷን ጎርሶ ቢሆን ኖሮ የፒክአፑ ጭራ አብሮ ይነሳ ነበር። አልተነሳም። የተጎታቹ አፍ እንደተዘጋ ባዶውን ከፍ አለ፤ ኳሷም ከሥሩ ቁልጭ ብላ ታየች።

ከርቲስ ክው አለ። ቁልቁለቱ ወዳለበት መንገድ ተመለከተ፤ ሁላችንም ወደዚያው ተመለከትን። ሰንሰለቱ ምናልባት ይይዘው ነበር። ላይይዘውም ይችል ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ በመጨረሻ። "በወሬ የያዝኳት እኔ ነኝ።"

"እሱማ ይታወቃል" አለ ቨርል።

አርዲት ካርዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ልጇ ዞረች። "ቃላችን ቃል ነው፤ የሚያስደነግጥ ካየህ ይሸጣል ብለናል። ደንግጠሃል?"

"ደንግጫለሁ።"

"እንግዲያው..."

"በእናንተ አይደለም እማዬ። በራሴ ነው የደነገጥኩት።"

ይህን ብሎ ለንጹሕ ሸሚዙ ሳይሳሳ ጠጠሩ ላይ ከአባቱ ጎን ተኛ። "አሳየኝ" አለው። አርዲት የተጎታቹን አፍ ከፍታ፣ ፒክአፑን ትንሽ አስጠግታ፣ እንደገና አወረደችው። ቨርል የልጁን እጅ ይዞ ከታች አስገባለት። "ዓይንህን ጨፍን። አሁን ኳሷን ፈልግ። አገኘሃት?"

"የለችም። ገብታለች።"

"እንዲያ ሲሆን ምን ይባላል?"

"አለ" አለ ከርቲስ፤ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ከዚያ አርዲት ከአንድ ጀመረች። ሃያ ሁለቱንም እስክትጨርስ ከረጢቴን ታቅፌ ቆምኩ፤ ትንፍሽ አላልኩም። ከርቲስ ጥቂት ራቅ ብሎ ስልክ ደወለ፤ "ክፍሎቹን ለሌላ ሰው ስጧቸው፤ እናትና አባቴ አይመጡም" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ተመልሶ የኋላ ወንበር ላይ ገባ። ቨርልም የበሩን እጀታ ሳይፈልግ አገኘውና ከፊት ተቀመጠ።

አርዲት ሞተሩን አስነስታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ብርቱካኑን አቀበልኳት።

"በል ሆሊስ፣ አሁን ማውራት ትችላለህ" አለችኝ።

እጄን ብቻ አወዛወዝኩላቸው።